የጓሮ ጋዝ ቧንቧ ሽፋን ጥገና፦ ለቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ቦርድ የምናቀርበው ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። አጥር ሲቀየር የአንዳችን ጓሮ የጋዝ ቧንቧ ሽፋን ተቧጥጦ ብረቱ ታይቷል። ከቆጣሪው ወደ ግሪሉ የሚሄደው መስመር ነው። እዚህ አሜሪካ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «የሁላችንም መስመር በጋራ ይመርመር፤ ሽፋኑ የተጎዳው ይጠገን።» ሐሳብ ስጡበት።

የጥጉ ቤት፦ የኔ ጓሮ ነው። ጭረቷ ከጣት አትበልጥም። በናስትሮ ጠቅልዬ አፈሩን ብመልስስ? ማኅበሩንም ወጪ አላስወጣ።

የቧንቧ ባለሙያው፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታደርገው። የሚያሰጋው ትንሽነቷ ነው። ሌላው ተሸፍኖ አንዲት ቦታ ብቻ ስትጋለጥ ዝገቱ እዚያችው ላይ ይበረታና ብረቱን ወደ ውስጥ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱ ይታይ። አፈሩና ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ጋዝ እንዳያፈስ በሳሙና ውሃ ይፈተሻል። ዝገቱ በልቶት ከሰረጎደ ያ ክፍል ይቀየራል፤ መጠቅለል የለም። ደህና ከሆነ ፕራይመር (ቴፑን የሚያጣብቀው የመጀመሪያ ቅብ) ይቀባል። ከዚያ ለመሬት ውስጥ ቧንቧ የተሠራው ቴፕ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እየደረበ ይጠቀለላል። ከጭረቱ ግራና ቀኝ ደህናው ሽፋን ላይ መውጣት አለበት። ተጨማድዶ አየር ከያዘ ውሃ ይገባበታል፤ ተፈቶ እንደገና ይሠራ። ጉድጓዱ ሲመለስ ቧንቧውን የሚያቅፈው አሸዋ ይሁን። ድንጋይ ካገኘው አዲሱንም ይቧጥጠዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ የኔ ቧንቧ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ) ነው፤ እኔንም ይመለከተኛል? ደግሞ ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት 811 የተቀበረውን መስመር በነጻ ምልክት እያደረገልን፣ በመሣሪያ ለሚፈልግ መስመር ፈላጊ የምንከፍለው ለምንድን ነው?

የቧንቧ ባለሙያው፦ ይመለከትሻል። የጋዝ ኮዱ የዚንክ ቅብን ለመሬት ውስጥ ቧንቧ በቂ መከላከያ ብሎ አይቀበለውም። 811 መደወል የግድ ነው። ግን የጋዝ መስመር የሚመለከትበት ቢጫው ቀለም ብዙ ጊዜ ቆጣሪው ጋ ያበቃል። የግል መስመራችንን የሚያሳየን ተከፋዩ ፈላጊ ነው። አንዴ መሣሪያውን ይዞ ከመጣ ጓሮዎቹን በአንድ ቀን ያያቸዋል። በጋራ እናሠራ የምለው ለዚህ ነው። መስመሩ አጠገብ ደግሞ በእጅ ብቻ፣ ቀስ ተብሎ ይቆፈር።

የጥጉ ቤት፦ ገባኝ፣ አልነካውም። ጋዝ ቢሸትስ? እናቴ ብቻዋን ነው የምትውለው፤ እንግሊዝኛም አትችልም።

ጸሐፊ፦ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ወዲያው ይውጡ። 911 የሚደወለው ከቤት ርቀው ነው። ይህን በአማርኛ ጽፈን ለየቤቱ እናድል፤ ረቂቁ ላይ ጨምሬዋለሁ። ይህንንም አስገብቻለሁ፦ «ሥራውን ላይሰንስ ያለው የጋዝ ባለሙያ በፐርሚት ይሥራ፤ ኢንስፔክተር ሳያየው አፈር አይመለስ።» ዋጋ የሚያጠያይቅልን ማነው?

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አጠያይቃለሁ። የየቤታችሁን መስመር ከየት ወዴት እንደሚሄድ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።