ከትንንሽ ልጆች ጋር እሳተ ገሞራ ለማየት የት ይሻላል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼ 7 እና 4 ዓመታቸው ነው። ትልቁ ኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሳተ ገሞራ ሆኗል። ባለቤቴ ደግሞ «ኤርታሌ እንውሰዳቸው» ብሎ ድርቅ ብሏል። የምንነሳው ከአዲስ አበባ ነው፤ ያለችን ቪትዝ ናት። ያዋጣል ትላላችሁ? ካልሆነ እባካችሁ ሌላ ቦታ ጠቁሙኝ።

የአስጎብኚ መኪና ሹፌር፦ እህቴ፣ ኤርታሌ ለ4 ዓመት ልጅ አይሆንም። ሙቀቱ አይቻልም፤ ዛፍ ጥላ የሚባል ነገር የለም። አፋፉ ላይ ነፋሱ በዞረ ቁጥር የድኝ ጭስ ይመጣል፤ አዋቂውን ራሱ ያስለዋል። ልጅ ቢታመምብሽ ሐኪም ያለበት ከተማ ሩቅ ነው። እኛም የምንሄደው በጠንካራ መኪና፣ ከአካባቢው መሪ ጋር ነው። ቪትዟን እርሺያት። አባትየው ካማረው ለብቻው ይሂድ፤ ልጆቹ ጎርምሰው ይደርሱበታል።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ እኛ ጋ ኑ እንጂ! በፈጣን መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ሆራም ባቦጋያም የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈነዳ፤ በኋላ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። ገደሉ የተቆረጠበትን ቦታ ለልጁ አሳዪው። አመድና ጠጠር ተነባብሮ ይታያል። የትንሹን እጅ ግን እንዳትለቂ፣ ዳርቻው ቀጥ ያለ ነው።

ወንጪ ወዳድ፦ ቢሾፍቱ ጥሩ ነው፣ ግን ቤትና ሆቴል ስለከበበው ልጅ «ይሄማ ሐይቅ ነው» ይልሻል። ወንጪ ሌላ ነው። አፋፉ ላይ ስትቆሚ ጎድጓዳው በሙሉ ከነሐይቁ ከሥርሽ ነው። ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ በጀልባ ይኬዳል። ፍል ውሃም አለ፤ ትልቁ መሬቱ ውስጥ ሙቀት እንዳለ የሚያምነው እሱን ሲያይ ነው። በአምቦ ገብታችሁ በወሊሶ ተመለሱ። መንገዱ ጠመዝማዛና ዳገታማ ስለሆነ ፍሬን አስፈትሹ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጃኬትና ኮፍያ እንዳይረሳ። ክረምት ላይ ጉሙ ምንም አያሳይም፤ ከመስቀል በኋላ ይሻላል። ወደ ሐይቁ መውረዱ ቀላል ነው፤ ጉዱ ሲወጡ ነው። ፈረስ ተከራዩ፤ ዋጋውን ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ ትንሹ ከአዋቂ ጋር ይቀመጥ።

መንገደኛ፦ መተሐራም ድሮ ቀልጦ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ድንጋይ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። እዚያው ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ ግን በ2017 የመሬት መንቀጥቀጡ ብዙ ሰው ስላፈናቀለ እኔ ለጊዜው ልጅ አልወስድም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንጪ ልቤን ወስዶታል። ግን ትንሹን መኪና ያስመልሰዋል። ትልቁም «እሳቱ የታለ?» ብሎ እንዳያስቸግረኝ እፈራለሁ።

የሳይንስ መምህር፦ ለትንሹ ጠዋት ወተት አትስጪው፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃዋል። ጠመዝማዛው ሳይጀምር አንዴ አውርዳችሁ አናፍሱት። ለትልቁ አምቦ ከተማ ስትደርሱ አንድ አምቦ ውሃ ግዢ። ጋዙ ከመሬት ውስጥ የመጣ ነው በይው። ከዚያ ይነቅንቀውና ይክፈተው። የቀለጠ አለት ውስጥም ጋዝ ታምቆ ይኖራል፤ ጫናው ሲቀልለት አረፋ ሆኖ አለቱን ይዞት ይወጣል። «ወንጪ ከብዙ ዘመን በፊት እንዲህ ፈንድቶ ነበር፣ አሁን ያለነው ጠርሙሱ ውስጥ ነው» ስትዪው ስለ እሳቱ አይጠይቅሽም። ብቻ መኪና ውስጥ እንዳያስከፍትሽ።