የኤሌክትሪክ ምጣድ መመሪያችንን የሚያነበው ሰው ጠፋ፤ ምን ብንጽፍ ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየገጣጠምን እንሸጣለን። ከእያንዳንዱ ምጣድ ጋር ባለ አራት ገጽ የአጠቃቀም መመሪያ ብንሰጥም፣ ለጥገና የሚመለሱልን ምጣዶች ከሞላ ጎደል በሁለት ምክንያት የተበላሹ ናቸው፤ ወይ ሸክላው ተሰንጥቋል፣ ወይ የገመዱ ሶኬት ቀልጧል። ሁለቱም ጉዳዮች በመመሪያው ተጽፈዋል። በገጽ 3 ላይ «ምጣዱ ከፍተኛ ሙቀት ላይ ባለበት ወቅት በላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይፈስበት ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል» ይላል፤ በገጽ 4 ደግሞ «ተስማሚ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ይጠቀሙ» ይላል። ባልደረባዬ ጥፋቱ የማያነበው ደንበኛ ነው ባይ ነው። እኔ ግን ልቤ አላመነም፤ በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ ብታማክሩኝ ደስ ይለኛል።

አርታዒ፦
ልብዎ ትክክል ነው። አይኢሲ 82079-1 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የአጠቃቀም መመሪያን የምርቱ አካል አድርጎ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ የማይነበብ መመሪያ ሬዚስታንሱ (የሚያሞቀው ሽቦ) በትክክል ካልተገጠመ ምጣድ ብዙም አይለይም።

የገጽ 3ን ዓረፍተ ነገር ልብ ብለው ይመልከቱት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ክልከላውም አብሮ ወደ መጨረሻው ይገፋል። እጇ ሊጥ የነካ ሴት ወረቀቱን ገረፍ አድርጋ ስታልፍ ዓይኗ የሚይዘው «ምጣድ፣ ሙቀት፣ ቀዝቃዛ ውሃ» የሚሉትን ቃላት ነው፤ «እንዳይ» የምትለዋ ቁራጭ ዘግይታ፣ ያውም ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቃ ትመጣለች። «ጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል» የሚለው ደግሞ ጥንቃቄውን የሚያደርገው ማን እንደሆነ ጨርሶ አይናገርም፤ ይህ የደብዳቤ ቋንቋ እንጂ የወጥ ቤት ቋንቋ አይደለም። እኔ ብሆን «ክልክል፦ በጋለ ምጣድ ላይ ውሃ አታፍስሱ፤ ሸክላው ይሰነጠቃል» ብዬ እጽፍ ነበር። ክልከላው ከፊት ይቆማል፣ ምክንያቱም በሁለት ቃል ይከተላል። ቦታውም ቢሆን መጨረሻ ላይ ባለው የጥንቃቄ ምዕራፍ ሳይሆን ስለ ጽዳት በሚናገረው ክፍል ውስጥ፣ «ጥረጉ» ከሚለው ትእዛዝ በፊት ነው። «ይጠቀሙ»፣ «ተጠቀም» እና «ይደረጋል» በአንድ ወረቀት ላይ ተደባልቀው ከሆነም አንዱን ይምረጡ፤ «አድርጉ» የሚለው የብዙ ቁጥር አነጋገር ወንድና ሴት ሳይለይ ሁሉንም ስለሚያቅፍ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ኤሌክትሪሻን፦
ስለ ሶኬቱ ልጨምር። ምጣዳችሁ 3500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ 10 አምፔር የሚል የተጻፈበት ማከፋፈያ ግን የሚችለው 2200 ዋት ብቻ ነው። ታዲያ «ተስማሚ ማከፋፈያ» ማለት ምን ማለት ነው? ደንበኛው ገበያ ወጥቶ ቢጠይቅ ሻጩ ሁሉንም ተስማሚ ነው እንደሚለው እናንተም ታውቃላችሁ። «በማከፋፈያ አትሰኩ፤ 16 አምፔር በሚችል የግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻ ሰኩ» ብላችሁ ቁርጡን ጻፉ፤ ከቆጣሪው የራሱ መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በወፈረ ሽቦ ቢዘረጋለት ደግሞ ይመረጣል። እኛ ግድግዳው ላይ ያለውንም ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውንም «ሶኬት» ስለምንል የትኛውን ማለታችሁ እንደሆነ ለይታችሁ ብትጽፉም መልካም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጽሑፉን ከወረቀቱ አውጡትና ገመዱ ላይ፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ በሚታሰር ምልክት ላይ አድርጉት፤ ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር ይጣላል፣ ገመዱን ግን ሰው ሁልጊዜ በእጁ ይይዘዋል።

የፋርማሲ ባለሙያ፦
የእኔ ሥራ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን አንድ የማውቀው ወጥመድ አለ። በመመሪያችሁ ውስጥ «ከነቀላችሁ በኋላ እስከ 1 ሰዓት ድረስ አትንኩ» የሚል ነገር ካለ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ማለት ነው ወይስ ሰዓቱ አንድ እስኪል? በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ላይ የነቀለ ሰው በሁለቱም አይሳሳትም፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የነቀለ ግን ሁለት የተለያየ መልስ ያገኛል። «ለ60 ደቂቃ» ብትሉ ጥያቄው ይቀራል። ዋስትናውም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ።

ወረቀቱን ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ ምጣዱን ከነካርቶኑ ለማያውቀው ሰው ስጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፤ ቢሆንም «እዚህ ጋ እንዲህ ነው» ብላችሁ አፋችሁን የምትከፍቱበት ቦታ ሁሉ ወረቀቱ የጎደለበት ቦታ ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለአንዲት ጎረቤታችን ምጣዱን ከነካርቶኑ ሰጥተን ከባልደረባዬ ጋር ተቀመጥን። «ይህን ምርት ስለገዙ እናመሰግናለን» የሚለውን የመጀመሪያ ገጽ ሳያነቡ ገለጡት፤ ሊጥ አፍስሶ ዓይኑ ሲወጣ በአከንባሎ መክደንን የሚያስረዳውን ሁለተኛውን ገጽ ሲያዩ ፈገግ አሉ። ይህንኑ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም። ከዚያ ምጣዱን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለጉበት። እኛ «ከመጠቀምዎ በፊት ምጣዱን ያዘጋጁ» ብለን አልፈነው ነበር። ቀና ብለው «ለመሆኑ ይኼ ምጣድ ተሟሽቷል?» ሲሉ ባልደረባዬ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፣ እኔም እግሩን ረገጥኩት።

አሁን የካርቶኑ ክዳን ላይ በትልቁ የሚታተመው ይህ ነው፦ «ይህ ምጣድ አልተሟሸም። እንጀራ ከመጋገራችሁ በፊት በጎመን ዘር አሟሹት።»