ባክቴሪያ ሳይጨመር ፎስፌቱ ወዴት ይጠፋል?

ውሃ_ሰበታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባሕር ባክቴሪያ ፎስፌት የሚወስድበትን ፍጥነት ለመለካት ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ እናዘጋጃለን። 10 ማይክሮሞላር ፎስፌት ጨምረን በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) ስናመክነው፣ ሲቀዘቅዝ 6 ገደማ ብቻ ይቀራል። ባክቴሪያ ሲገባበት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ቶሎ ይወርድና ከዚያ ይዘገያል። የቱን እንመን?

ሞሊብዴት፦ የመጀመሪያው ዝቃጭ ነው። ሙቀቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያባርርና ፒኤች ይጨምራል፤ ፎስፌቱ ከካልሲየምና ከማግኒዝየም ጋር ይዘቅጣል። ፎስፌቱን ለብቻው በ10 ሚሊሞላር አምክኑ፤ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ በሊትር 1 ሚሊሊትር ጨምሩ። ጠርሙሶቹን በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሳድሯቸው፤ ፎስፌት ያለበት ሳሙና አያስጠጓቸው።

በነገራችን ላይ፣ እናንተ ባላችሁበት በሰበታ ከፍታ ላይ የአውቶክሌቩ የግፊት መለኪያ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ሙቀቱ 121 ሳይሆን 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለ121 ወደ 18.5 ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ያን ካልፈቀደ ጊዜውን አርዝሙ እንጂ አታስጨንቁት።

ቡራዩ_ማይክሮ፦ ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይጥማል። ከውሃው ጠፋ ማለት ሴሉ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ፎስፌት መጀመሪያ በውጫዊው ሽፋን አካባቢ ይያዛል፤ በፔሪፕላዝም (በውጫዊውና በውስጠኛው ሽፋን መካከል ባለው ክፍተት) ፒኤስቲኤስ የተባለው ፕሮቲን ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል) ጉልበት የውስጠኛውን ሽፋን ያልፋል። በ2015 የታተመ ጥናት በውቅያኖስ በብዛት የሚገኙት ባክቴሪያዎች ከውስጠኛው ሽፋን ውጭ ትልቅ የፎስፌት ክምችት እንደሚይዙ አሳይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውድቀት ስሕተት ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ለብቻው መዝግቡት። ፍጥነቱን ከ5፣ 10፣ 20 እና 40 ደቂቃ ነጥቦች አውጡ። በፓራፎርማልዴሃይድ የተገደለ ማነጻጸሪያም ይኑራችሁ፤ ከጠርሙሱና ከሴሉ ገጽ ላይ የሚጣበቀውን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሞሊብዴት፦ ሴሎቹ በ10 ማይክሮሞላር ካደጉ ግን ፎስፌት ሲያጥር የሚጠቀሙባቸውን የመውሰጃ ፕሮቲኖች አያወጡም፤ የእነዚህን ጂኖች የሚቆጣጠረው ፎቢ የተባለው ፕሮቲን ፎስፌት ሲያጥር ነው የሚነሳው። አጥባችሁ ካርቦንና ናይትሮጅን ባለው፣ ፎስፌት በሌለው ውሃ አሳድሯቸው። ለሙከራው 1 ማይክሮሞላር ይበቃል፤ ሳርጋሶ ባሕር እኮ ከ0.01 በታች ነው! ፎስፌቱን በሞሊብዴት ሰማያዊ ቀለም ስትለኩ ግን፣ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የናሙና መያዣ) 1 ማይክሮሞላር 880 ናኖሜትር ላይ የሚሰጠው የብርሃን መምጠጥ 0.02 ገደማ ስለሆነ የ5 ወይም የ10 ሴንቲሜትር ተጠቀሙ። አርሴኔትም እንደ ፎስፌት ያንኑ ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል፤ ኬሚካሎቻችሁን አጣሩ።

ቡራዩ_ማይክሮ፦ በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ስታጣሩ መሳቡን አታብዙት፤ ሴሎቹ ከፈነዱ የወሰዱትን መልሰው ያፈሱታል።

ውሃ_ሰበታ፦ እሺ። ካልሲየሙም ለብቻው ይምከን?

ሞሊብዴት፦ አዎ። ካልሲየም ይቅደም፣ ፎስፌት በመጨረሻ፤ እያማሰላችሁ በጠብታ።