በ1990 ዜግነታቸውን ለተነጠቁ ሰዎች ካሳ ይገባል?

ሰላማዊት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን በጨረፍታ የተነሳውን ጉዳይ ዛሬ በደንብ እንነጋገርበት። የባድመው ጦርነት በተከፈተ በወሩ፣ ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ፣ «ኤርትራዊ ናችሁ» ተብለው ከኢትዮጵያ የወጡት ሰዎች ወደ 75 ሺህ ይጠጋሉ። ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የነበራቸው ናቸው። ጥያቄዬ፦ ዜግነታቸው ያለአግባብ ለተነጠቀ ሰዎች መንግሥት ጥፋቱን በይፋ አምኖ ለእያንዳንዳቸው ካሳ መክፈል አለበት ወይ? የኔ መልስ አዎ ነው። ዝም ከተባለ ማንም አያነሳውም፤ ስለዚህ ዘመቻ ያስፈልገዋል።

ጋሽ መኮንን፦
ልጄ ሰላማዊት፣ ሐዘኑ ይገባኛል። የኔም ጎረቤቶች ሄደዋል። ግን የዘለልሽው ነገር አለ። በሚያዝያ 1985ቱ የኤርትራ ነጻነት ሪፈረንደም ከኢትዮጵያ ሆነው ድምፅ የሰጡት ከ57 ሺህ በላይ ናቸው። ለመምረጥ ደግሞ ኤርትራዊ ነኝ ብሎ ተመዝግቦ መታወቂያ መውሰድ የግድ ነበር። የ1922ቱ የዜግነት ሕጋችን የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል ይላል። መረጡ፣ ከዚያ ጦርነት መጣ። ልጆቻችን ባድመና ጾረና ላይ እያለቁ መንግሥት ማን ለማን እንደሚሠራ ሳያጣራ ዝም ይበል?

ዮናስ፦
ጋሼ፣ በሕግ ሙያ ነው የምተዳደረውና ሕጉን ካነሱ አይቀር እስከ መጨረሻው እንየው። ሪፈረንደሙ ሲካሄድ ኤርትራ ገና ነጻነቷን በይፋ አላወጀችም። እዚህ አገር ጣቢያ ተከፍቶ እንዲመረጥ የፈቀደውም ራሱ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ከመረጡ በኋላ ማንም ፓስፖርታችሁን መልሱ አላላቸውም። ግብር ከፈሉ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠሩ። በ1988 ሁለቱ መንግሥታት ቁጭ ብለው፣ እስካሁን በኢትዮጵያ ዜግነት ሲጠቀሙ የቆዩት አንዱን ይምረጡ ብለው ቃለ ጉባኤ ተፈራርመዋል። ዜግነት ከሌላቸው ምን ይመርጣሉ? ያ ምርጫ ሳይደረግ ነው ጦርነቱ የደረሰው።

ጦርነቱን በቋጨው የአልጀርስ ስምምነት መሠረት ሄግ ላይ የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ይህንኑ መርምሮ፣ ሰዎቹ የሁለቱም አገር ዜጎች ነበሩ አለ። ለእርስዎ የሚያግዝ ነገርም ፈርዷል፣ አልደብቅም። በጸጥታ ኮሚቴ አንድ በአንድ ተጣርተው የተባረሩትን በተመለከተ፣ እርምጃው ከባድ ቢሆንም ሕገ ወጥ አይደለም ብሏል። በጦርነቱ ጊዜ እዚሁ የቀሩት፣ በሦስተኛ አገር የነበሩትና የአካባቢ ሹም ያለማጣራት ያባረራቸው ግን ዜግነታቸውን ያጡት በዘፈቀደ ነው። ይህ የሰላማዊት አስተያየት ሳይሆን ፍርድ ነው። የራሳችን ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 33 ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ይላል። በ1990 ይህ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ነበር።

ትርሐስ፦
እኔ አንቀጽ አላውቅም፤ ያየሁትን ልናገር። አባቴን ሌሊት መጥተው ወሰዱት። በታሰረበት ቦታ ፎርም ሰጡት፤ ንብረትህን የሚጠብቅልህን ሰው ስም ጻፍ ተባለ። ያን ወረቀት አይቼዋለሁ። የእናቴን ስም ጽፎ ሰርዞታል፤ እሷም ትወሰድ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው። ከሥሩ የጋራዡን ሠራተኛ ስም ጻፈ፣ የአባቱ ስም ጠፍቶት ባዶ ተወው። በዚያ ባዶ ቦታ ምክንያት ውክልናው የትም አልሠራም። ጋራዡ በጨረታ ተሸጠ። አባቴ ሪፈረንደም አልመረጠም፣ ጋሽ መኮንን። ማንም አልጠየቀውም እንጂ ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር። አሥመራ ሲደርስ ደግሞ «አምቼ» ተባለ፤ ኢትዮጵያ ያደገ ኤርትራዊ የሚጠራበት ስም ነው። እዚህ ሻዕቢያ፣ እዚያ አምቼ። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ እኛን ይዛ እዚህ ቀረች። ድንበሩ ሲከፈት እሱ በሕይወት አልነበረም።

ጋሽ መኮንን፦
ነፍሱን ይማር ልጄ። ባዶ ቦታው አሳዘነኝ።

አበበ የአሰቡ፦
ይቅርታ፣ እኛስ? ሁልጊዜ ይህ ወሬ ሲነሳ የአንድ ወገን ነው። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ነው ያሳደገን። ጦርነቱ ሲመጣ የኢትዮጵያ ዕቃ በወደቡ ማለፍ አቆመ፣ ሥራ ጠፋ፣ ቤት አከራይ አስወጣን። ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው ታስረው የከረሙም ብዙ ናቸው። ተባረን ስንመጣ አዲስ አበባ ላስቲክ ወጥረን ኖርን። የኛ አገር መንግሥት በኛ ስም ሄግ ሄዶ ተከራከረ፣ አሸነፈ ተባለ። ለእናቴ ማን ምን ሰጣት? የትርሐስን አባት ካሳ አልቃወምም። የኛ ግን ተረስቶ ቢቀር አልቀበልም።

ቢኒያም፦
ሰዎች፣ እውነቱን እንነጋገር። ነሐሴ 2001 ላይ የመጨረሻው ፍርድ ተሰጥቷል። ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ተኩል ገደማ። ተቀናንሶ ልዩነቱ 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። ጉዳዩ በፍርድ ተዘግቷል። ዛሬ ስንት ተፈናቃይ በየመጠለያው ተቀምጦ እርዳታ እየጠበቀ፣ የሩብ ምዕተ ዓመት ቁስል ከየት በጀት ይታከማል? ደግሞ መንግሥት በ2001 ንብረታችሁን መጥታችሁ ማስመለስ ትችላላችሁ ብሎ ነበር።

ሰላማዊት፦
ቢኒ፣ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ግን የሚናገሩት ሌላ ነው። ያ ገንዘብ የተፈረደው ለመንግሥታት ነው። ከኤርትራ ድርሻ በግለሰቦች ስም ተለይቶ የተቆረጠው 2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ አለፍ ይላል፤ እሱም ለጥቂት ሰዎች። የአበበ እናትም የትርሐስ እናትም እዚያ ሒሳብ ውስጥ ስማቸው የለም። ሁለት መንግሥታት በሰው ዕንባ ሒሳብ ተቀናንሰው ተለያዩ።

በ2001 ንብረታችሁን ውሰዱ ሲባል ድንበሩ ዝግ ነበር። የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ የተጀመረው ሐምሌ 2010 ላይ ነው። ሰውየው በምን ይምጣ? መንግሥት በ1996 ያወጣው መመሪያም ዜግነት የመለሰው ኤርትራ ነጻ ከወጣች ጀምሮ እዚሁ ሲኖሩ ለቆዩት ነው። ለተባረሩት በሩን አልከፈተም።

በጀቱን በተመለከተ፣ ከገንዘብ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠው፦ ዜጋ ነበርክ፣ ያለአግባብ ተነጥቀሃል የሚል። ልጆቹ ዜግነት ሲጠይቁ እንደ ባዕድ አይስተናገዱ። ለዚህ ስንት ብር ያስፈልጋል? እንግሊዞች ከካሪቢያን ልጅ ሆነው የመጡትን ዜጎቻቸውን ወረቀት የላችሁም ብለው ካንገላቱ በኋላ፣ በ2010 ይቅርታ ጠይቀው በመጋቢት 2011 ለእያንዳንዱ ሰው ካሳ የሚጠየቅበት አሠራር ዘረጉ። በጣም ተጓተተ፣ ብዙዎች ሳይደርሳቸው ሞቱ። ግን የተበደለው ሰው ራሱ ነው በስሙ የሚያመለክተው። እኔ የምለው ይህንን ነው።

ጋሽ መኮንን፦
ወረቀቱን እደግፋለሁ፣ ይቅርታውንም። ገንዘቡን ግን አሥመራም ለአበበ ቤተሰብ ስትከፍል እንክፈል። በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

ዮናስ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የአበበን አሥመራ ላይ አብረን እንጠይቅ፣ እፈርማለሁ። የትርሐስ አባት ግን የኛ ዜጋ ነበር። መንግሥት በገዛ ዜጋው ላይ የሠራውን ጥፋት ለማረም የጎረቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። ሌላ አገር ዕዳውን ካልከፈለ እኛም ለገዛ ሰዋችን አንከፍልም ማለት፣ ያኔ አውቶቡስ ላይ ያሳፈራቸውን አስተሳሰብ መድገም ነው።

ቢኒያም፦
እሺ፣ ወረቀቱ ላይ ተስማማን እንበል። ማስረጃ ከየት ይመጣል? መታወቂያቸው ተወስዷል። የቀበሌ መዝገብ ስንት ጊዜ ተቀያይሯል። ማንም ተነስቶ ተባርሬ ነበር ቢልስ?

ዮናስ፦
ማስረጃ አለ። ነሐሴ 1991 ላይ እንደ ውጭ ዜጋ ተመዝገቡ ተብለው በየስድስት ወሩ የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ የወሰዱ አሉ። ያ ወረቀት ራሱ የመነጠቁ ማስረጃ ነው። ውክልና፣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የተሰረዘ ንግድ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ። የጎረቤት ምስክርም አለ። ጋሽ መኮንን፣ ለጎረቤቶችዎ ይመሰክራሉ?

ጋሽ መኮንን፦
ለመምህሩ ቤተሰብ እመሰክራለሁ። ለሌሎቹ የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ።

ሰላማዊት፦
ሰነድ ያላችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፣ እዚህ ግን አትለጥፉት። ከኤርትራ የተባረራችሁም እንደዚያው። ዮናስ የአቤቱታውን ረቂቅ ሲጨርስ ሁለቱም ወገን በአንድ ሰነድ ይግባ ወይስ ለየብቻ የሚለውን በድምፅ እንወስናለን። የኔ ሐሳብ በአንድ ይሁን ነው።

አበበ የአሰቡ፦
የኔ ለየብቻ። የምንጠይቀው ሁለት የተለያየ መንግሥት ነው።