ሙዚቃ ሳስተምር ኖሬ ለራሴ መጫወት አቃተኝ፣ ያጋጠመው ሰው አለ?

የማታ_ፒያኖ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ ይሄን ነገር ከማን ጋር እንደማወራው ስላጣሁ ነው እዚህ የጻፍኩት። ፒያኖ አስተምራለሁ፣ አስራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከሰባት ዓመት ልጅ ጀምሮ ጡረታ ወጥቶ "አሁን ጊዜ አለኝ" ብሎ እስከመጣ ሰው ድረስ ተማሪ አለኝ። ስራዬን እወደዋለሁ፣ እሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ችግሬ ማታ ነው። ተማሪ ሁሉ ከሄደ በኋላ እስቲ ደግሞ ለራሴ ልጫወት ብዬ ስቀመጥ አራት ባር (አጭር የዜማ ክፍል) ሳልሄድ ጆሮዬ ይጀምረኛል፣ አራተኛ ጣትህ ደክሟል፣ ግራ እጅህ ቀደመ፣ ፔዳሉን ዘግይተህ ለቀቅክ፣ እንዲህ እያለ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያርመኝ ሰው ያለ ነው የሚመስለኝ። ቀኑን ሙሉ ስህተት ስለቅም ስለምውል መሰለኝ ጆሮዬ ሌላ ስራ ረስቷል። ድሮ እኮ ገና ምንም ሳልማር ሁለት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ብቻ እያወቅኩ አንዷን ደጋግሜ እየመታሁ ድምጿ ውስጥ ምን እንዳለ ስሰማ ሳላውቀው ይመሽ ነበር፣ አሁን ኮርዱን ስሰማው ስሙ ነው መጀመሪያ የሚመጣልኝ። የራሴን ዜማ ልስራ ስል ደግሞ ይብሳል፣ ሶስት ኖታ ሳልጽፍ "ይሄ የተሰራ ነው፣ ይሄ ደግሞ በጣም ቀላል ነው" እያልኩ እሰርዘዋለሁ፣ ደብተሬ ላይ ከሁለት መስመር ያለፈ ነገር ከተጻፈ ቆይቷል።

ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው አንድ ተማሪዬ "ቲቸር የራሴን ሰርቻለሁ ላጫውትህ?" አለኝ። እሺ አልኩት። ሬ ፋ ላ ብሎ ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ላ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀጠለ። ሶስተኛውም ዙር ላይ እዛው ቦታ ቆመ። እኔ "ቴምፖህ እየወረደ ነው"፣ ፍጥነትህ ማለቴ ነው፣ ልለው አፌን ከፍቻለሁ፣ ከዛ ፊቱን አየሁት። አይኑን ጨፍኗል፣ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ እንደያዘ ነው፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ፒያኖው ዘንበል አድርጎ የገመዱ ድምጽ እስኪጠፋ እየጠበቀ ነው። ቴምፖ አልጠፋበትም፣ እየሰማ ነበር። ያልኩት ቃል የለም፣ ግን ልናገረው ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር ሳስብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ስህተት መልቀም የለመደ ጆሮ እንዴት ተደርጎ ነው ወደ መስማት የሚመለሰው? የምታስተምሩ ብቻ ሳይሆን ዝም ብላችሁ የምትጫወቱም ንገሩኝ።

አራት_ክር፦
ወንድሜ እኔ አስተማሪ አይደለሁም ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው፣ ግን የምትለው ነገር ገብቶኛል። አንተን የጎዳህ ብቻህን መሆንህ ይመስለኛል። ብቻህን ስትጫወት ጆሮህ አንተን ከመስማት ሌላ ስራ የለውም እኮ። እኔ ከድራመር ጋር ስጫወት ጆሮዬ እግሩ ጋ ነው፣ ትልቁን ከበሮ መቼ እንደሚመታ፣ እኔ ከሱ ጋር ልረፍ ወይስ ትንሽ ወደኋላ ልቅር የሚለውን ነው የምሰማው፣ ጣቴን የማስብበት ጊዜም የለኝ።

አንዴ ልምምድ ላይ አንድ ኖታ ከቦታዋ ቀድማ አመለጠችኝ። ግማሽ ምት ነው የቀደምኩት፣ በጣም ያስታውቃል። ድራመሩ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፣ በሚቀጥለው ዙር ግን እኔ የሳትኩባት ቦታ ላይ ሆን ብሎ መታት፣ እኔም ደገምኳት፣ በሶስተኛው ዙር ሁላችንም እዛች ቦታ ላይ እየወደቅን ነበር። ዘፈኑ እስከዛሬ በዛ ምት ነው የሚጫወተው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ አቁሜ ከመጀመሪያው እጀምር ነበር። አንድ ሰው ፈልግ፣ ዋሽንትም ይንፋ ይዝፈንም ምንም ይሁን፣ ብቻ ካንተ ውጪ የምትሰማው ነገር ይኑር።

ስድሳ_ምት፦
በግልጽ ልናገር፣ እኔ ነገሩን ከመንፈስ ጋር ማያያዝ ያለብን አይመስለኝም። ልምምድ አቁመሃል። ቀኑን ሙሉ ፒያኖ አጠገብ መቀመጥ ልምምድ አይደለም፣ የጀማሪ ቁራጭ በዝግታ እያሳየህ ነው የምትውለው፣ ስለዚህ አራተኛ ጣትህ በእውነት ደክሟል ማለት ነው፣ ጆሮህ አልዋሸህም። እኔም ጊታር ማስተማር ከጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እንደዚሁ ሆኜ ነበር፣ በየቀኑ ተማሪ ከመምጣቱ በፊት ሰላሳ ደቂቃ ስኬልና አርፔጂዮ (ኖታዎችን በተራ እየወጡ እየወረዱ መጫወት) ምት ከሚቆጥረው ሜትሮኖም ጋር፣ በደቂቃ ከስድሳ ምት ጀምሬ፣ እንደዛ ነው የተመለስኩት። እጅ ሲታዘዝ ጆሮም ዝም ይላል። የመጫወት ደስታ ከዛ በኋላ ራሱ ነው የሚመጣው።

ኳየር_መሪ፦
ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሃያ ሰባት ዓመት ኳየር አስተምሬያለሁ፣ ድምጽ ነው የኔ ስራ፣ ጆሮ የምትለውን ነገር ከሱ ጋር ስጣላ ነው የኖርኩት። ስድሳ ምት ያሉት ወንድማችን ስለ እጅ ያሉት እውነት ነው፣ ግን እጁ የሚታዘዝለት ሰውም እንዳንተ ይሆናል፣ እኔ ድምጼ ከመቼውም በላይ በሚታዘዝልኝ ጊዜ ነው የደረቅኩት።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ሁልጊዜ ሚ ላይ ስትደርስ በጣም በትንሹ ዝቅ ትላለች። ኪቦርዱን እመታላታለሁ፣ "ከፍ አድርጊ" እላታለሁ፣ ታደርጋለች፣ ኪቦርዱን ስተው ተመልሳ ትወርዳለች። ወራት እንደዚህ አለፈ፣ ልጅቷም ሚ ሲመጣ ድምጿን መቀነስ ጀመረች፣ ፈራች ማለት ነው። አንድ ቀን ኪቦርዱ ሳይከፈት ወንዶቹ ዶን ይዘው፣ አንዱ ክፍል ሶልን ይዞ፣ እሷ ሚን ጨመረችበት። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ ቆመ ብልህ ይሻላል። ያ ሁለት ድምጽ ሲጋጭ የሚሰማው መንቀጥቀጥ አለ አይደል፣ ምንም የለም፣ ኮርዱ እንደ አንድ ድምጽ ነበር። ከዛ ኪቦርዱን ከፍቼ ሚን ስመታ የኪቦርዱ ሚ ነው የተንቀጠቀጠው።

ነገሩን በወረቀት የማውቀው ነገር ነበር እኮ፣ አስተምረዋለሁም። አንድ ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ማለት ነው፣ በድምጽ ርቀት መለኪያ 1200 ሴንት ነው፣ ፒያኖ አስራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ቶን (ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ) 100፣ ስለዚህ ከዶ እስከ ሚ 400 ይመጣል። የሰው ጆሮ ያለ መሳሪያ ሲተወው የሚያርፍበት ሚ ግን ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) ከዶ ጋር አምስት ለአራት የሆነው ነው፣ እሱ ወደ 386 ሴንት ነው። አስራ አራት ሴንት ልዩነት። ፒያኖ እንደዛ የተቃኘው ከየትኛውም ኖታ ተነስቶ መጫወት እንዲቻል ተብሎ ነው፣ ለምቾት የተደረገ መስማማት ነው እንጂ እውነቱ እሱ አይደለም። እኔ ያንን ሁሉ እያወቅኩ ልጅቷን ወራት ሙሉ ትክክል የነበረችበት ቦታ ላይ ሳርማት ኖርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት በኳየሩ ፊት። ድምጿ የተመለሰው ግን በአንድ ቀን አይደለም።

ከዛ በኋላ ምን አደረግኩ ካልከኝ፣ መስራትንና ማረምን በሰዓት ለየኋቸው። ስዘፍን ወይ ስፈጥር አላርምም፣ እቀዳለሁ፣ ቅጂውን በዛ ቀን አልሰማውም፣ በማግስቱ ነው የምሰማው። በማግስቱ ስትሰማው የሌላ ሰው ስራ ስለሚመስል ለሌላ ሰው ያለህ ርህራሄ ለራስህም ይደርሳል። ሌላው፣ ጣትህ ከመንካቱ በፊት ዝፈነው። ጣት የለመደበት ቦታ ነው የሚሄደው፣ ጉሮሮ ግን ያልሰማኸውን ነገር ማውጣት አይችልም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ በፈረንጆቹ 1723 ለተማሪዎቹ ኢንቬንሽንና ሲንፎንያ ያላቸውን አስራ አምስት አስራ አምስት ቁራጮች ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለምን እንደሆነ ጽፏል፣ ሁለትና ሶስት ድምጽ አጥርቶ መጫወት ብቻ ሳይሆን ጥሩ ሃሳብ ማግኘትና ማሳደግ፣ ከሁሉም በላይ እንደሚዘፍን አድርጎ መጫወት፣ በዛውም ዜማ መድረስን መቅመስ ይላል። መጫወቱን፣ መዝፈኑንና መድረሱን አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። እኛ ነን በኋላ የለያየነው፣ ተማሪውን አንብቦ እንዲጫወት ብቻ አድርገን የራሱን እንዲሰራ ሳንጠይቀው አስር ዓመት እናስቀምጠዋለን።

ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አስራ ሁለቱንም ኖታ አትውሰድ። ትዝታ ቅኝት ያዝ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ውስጡ ግማሽ ቶን ስለሌለ የቱንም ከየቱ ጋር ብትመታ የሚፋተግ ነገር የለም፣ ያ አራሚ ጆሮህ የሚይዘው ያጣል። አስር ደቂቃ ብቻ። እስቲ ሞክረውና ንገረን።

በሩ_ጋ_ቆሜ፦
እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ አስተያየቴ ከተማሪ ወገን ነው። ሁለት ዓመት የተማርኩበት አስተማሪ አንድም ቀን ተጫውቶልን አያውቅም፣ ያርመናል፣ በደንብ ያርመናል፣ አመሰግነዋለሁ። አንድ ቀን ቀድሜ ደረስኩና በሩ ጋ ስደርስ ውስጥ ሲጫወት ሰማሁት። የሆነ ቦታ ሲደርስ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ ያንኑ ባር እንደገና፣ እንደገና፣ ስድስት ሰባቴ። ሳልገባ ቆሜ ሰማሁ። ሲሳሳት ሰምቼው አላውቅም ነበር እኮ። እኔ እንደሱ የሚጫወት ሰው ከላይ ተሰጥቶት ነው የሚመስለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ያቃተኝን ባር በሱ አካሄድ መመለስ ጀመርኩ፣ ከዛ በፊት ሲያቅተኝ መጽሐፉን ነበር የምዘጋው። ስለዚህ መምህር፣ በሩን ክፍት አድርገህ ተጫወት ለማለት ነው።

የማታ_ፒያኖ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ አስር ቀን ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበረ ነው።

ስድሳ ምት፣ ትክክል ነህ በአንድ በኩል። ለራሴ ብቻ የተለማመድኩትን ሰዓት ስቆጥረው በሳምንት አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ጠዋት ጠዋት ጀምሬያለሁ፣ አራተኛው ጣት ይሻለዋል። አራት ክር፣ የምጫወትለት ዘፋኝ አግኝቻለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኛለን።

እትዬ ኳየር መሪ፣ የእርስዎን ነገር እንዳሉት አደረግኩት፣ ስልኬን ከፍቼ አስር ደቂቃ፣ አምስት ኖታ፣ እየዘፈንኩ። የመጀመሪያው ቀን አልሆነም፣ ጆሮዬ የሚይዘው ሲያጣ ድምጼን ማረም ጀመረ። ሁለተኛውም ቀን ያው ነው። ሶስተኛው ቀን ላይ ደክሞኝ ስለነበረ ይሁን ምን እንጃ ዝም ብዬ አንድ ነገር አንጎራጎርኩና ጣቴ ተከተለኝ፣ ዶ ላይ ያልቃል ብዬ ስጠብቅ ጉሮሮዬ ሬ ላይ አቆመው። እንደዛ አድርጌ በእርሳስ ጽፌው አላውቅም፣ ብጽፈውም እሰርዘው ነበር። በማግስቱ ስሰማው ግራ እጄ እንደለመደው ቀድሟል፣ ሰማሁት፣ ግን አላቆምኩትም እስከመጨረሻው ሰማሁ። አሁን ስምንት መስመር ሆኗል።

ልጁ ደግሞ ትናንት መጣ። ትምህርቱን ሳንጀምር በሩን ክፍት ተውኩትና "ያንን የራስህን አስተምረኝ" አልኩት። ደስ ብሎት ወንበሩን አስለቀቀኝ፣ ቆሞ ጣቴን ቦታ ቦታ አስያዘኝ፣ ሬ ፋ ላ። ላ ጋ ስንደርስ እዛ ጋ ምንድነው የምትጠብቀው አልኩት፣ "እስኪያልቅ ነዋ" አለኝ። ተጫወትኩለት። አንገቱን ነቀነቀ፣ "ቲቸር ቸኮልክ፣ አላለቀም እኮ" ብሎ እንደገና እንድጀምር አደረገኝ፣ አራት ጊዜ። አራተኛው ላይ እኔም እስከመጨረሻው ሰማሁት፣ ላው ከጠፋ በኋላ እንኳን በጣም ቀጭን የሆነ ነገር እንጨቱ ውስጥ ይቀራል፣ እሱን ነው ልጁ ሲጠብቅ የነበረው።