ቦይን ከ3 ሰው 1 ሲታመም ዶዝ አውርጂ ይለኛል፣ ኮዱ ተበላሽቶ ነው?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
እባካችሁ ድረሱልኝ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የቴሲስ ዲፌንስ አለኝ። ለካንሰር መድኃኒት ዶዝ ፍለጋ 3+3ን (ሶስት ሶስት ሰው እያስገቡ ዶዝ የሚወስኑበትን ደንብ) ቦይን (BOIN) ከሚባለው ዘዴ ጋር ነው የማወዳድረው፣ አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ሲሙሌሽን እየሰራሁ ከ3 ሰው 1ዱ ከባድ ጉዳት ሲደርስበት 3+3 ሌላ 3 ሰው ጨምሪ ይላል ቦይን ግን ቀንሺ ይለኛል!! ፓኬጁን ሁለቴ አጥፍቼ ጫንኩት ያው ነው፣ መብራት ደግሞ ሄዷል ላፕቶፔ 40 ፐርሰንት ላይ ነው

የአንኮበር ልጅ፦
አርን አፕዴት አድርጊው ከዛ ፓኬጁን እንደገና ጫኚ፣ እኔ በዛ ነው የተፈታልኝ

መምህር፣ ደብረ ሲና፦
ልጄ መጀመሪያ መሰረቱን ያዢ። 3+3 ሞዴል የለውም፣ ደንብ ብቻ ነው፣ አንድ ዶዝ ላይ ከ6 ሰው በላይ ስለማያይ ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው ዶዝ በታች ይቆማል። ሲአርኤም (CRM) የሚባለው በሞዴል የሚሰራ ዘዴ በ1990 መጣ፣ በየታካሚው ውጤት የዶዝና የጉዳት ኩርባውን እያደሰ ይሄዳል፣ ግን በየዙሩ ስታቲስቲሺያን ቁጭ ብሎ ማስላት አለበት። ቦይን በ2015 ሲመጣ ዶዝ የሚወጣበትና የሚወርድበት ድንበር አስቀድሞ ተሰልቶ በሰንጠረዥ ስለሚሰጥ አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ ራሷ ታነበዋለች። የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም በ2021 ለዓላማው ብቁ ነው ብሎታል።

ሸዋሮቢት፦
ግን 3+3 ልክ ነው ቦይን ተሳሳተ ያለሽ ማነው? 3+3 የሚያነጣጥርበት ታርጌት (የምንቀበለው የጉዳት መጠን) እንኳን የለውም፣ ሁለቱ አንድ መልስ የግድ መስጠት የለባቸውም

ጠያቂ፦
እሺ ጋሼ አመሰግናለሁ ግን ባትሪዬ 31 ገባ፣ ኮዱ ጋ ምን ላድርግ

የአንኮበር ልጅ፦
አፕዴት አደረግሽው?

ነርስ፣ መንዝ፦
እህቴ ታርጌቱን ስንት አስገባሽ?

ጠያቂ፦
0.25

ነርስ፣ መንዝ፦
በቃ እሱ ነው፣ ኮድሽ ደህና ነው። ለ0.25 የመውረጃው ድንበር 0.298 ነው፣ 1 ከ3 ደግሞ 0.333፣ ድንበሩን ስላለፈ ያወርዳል። 0.30 ብታደርጊው መውጫው 0.236 መውረጃው 0.359 ይሆናል፣ 0.333 መሃል ስለሚያርፍ እዛው ዶዝ ላይ ሌላ 3 ሰው ይጨምራል። ግን እህቴ አደራ፣ 3+3ን እንዲመስልልሽ ብለሽ ታርጌት እንዳትቀይሪ፣ ያ ቁጥር ከ100 ሰው ስንቱ ቢጎዳ እንቀበላለን ማለት ነው፣ የሚወስነው መድኃኒቱንና በሽታውን የሚያውቀው ሐኪም ነው። በ0.30ም ቢሆን 2 ከ6 ላይ ይለያያሉ፣ 3+3 ዶዙ ከበደ ብሎ ይወርዳል ቦይን እዛው ይቆያል፣ እሷን ነገ አሳዪያቸው፣ ጥያቄው እዛ ላይ ነው የሚመጣው

ሸዋሮቢት፦
ሲዱንም (የሲሙሌሽኑን የዕጣ መነሻ ቁጥር) ሴቭ አድርጊው፣ መብራት ሲመጣ ያው ውጤት እንዲወጣልሽ

መምህር፣ ደብረ ሲና፦
ልጄ ዲፌንሱ እንዴት ሆነ?

የአንኮበር ልጅ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው፣ አፕዴቱ ሰራ?