በ«በለጠ» ደን ጠርዝ ያለ በቆሎ፦ ዝንጀሮና የዱር አሳማን ሳይገድሉ መከላከል

ሸቤ_ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማሳው ጅማ ዞን፣ ሸቤ ሰንቦ ወረዳ፣ በለጠ የሚባለው ደን ጠርዝ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታር ያህል ቢኤች 660 በቆሎ ተዘርቶበታል፤ ከደኑ ጋር የሚዋሰነው ጎን 80 ሜትር ይሆናል። እሸት መያዝ ሲጀምር በየቀኑ ይወድማል። አንዳንዱ ጉሬዛ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ዝንጀሮ። ፉራዳን የሚባለውን የተባይ መርዝ እናስቀምጥ የሚሉም አሉ፤ እኔ መርዝ አልፈልግም። በርበሬ የተቀባ ገመድ ይከለክላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ማማ_ጠባቂ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚበላው ማን እንደሆነ ለይ። ብዙ ልፋት ከንቱ የሚቀረው ለአንዱ እንስሳ የሚሆነውን በሌላው ላይ ስለምንሞክረው ነው። በማለዳ፣ ሰውና ከብት ሳይረግጠው፣ የወደቀውን አገዳ ተመልከት።

ዝንጀሮ የቀን ነው። አገዳውን ሰብሮ እሸቱን ይገነጥላል፣ ልጦ ጥቂት ይበላና ይጥለዋል፤ ግማሽ የተበላ እሸት ወደ ደኑ በሚወስደው አቅጣጫ ተበታትኖ ታገኛለህ። የዱር አሳማ የሌሊት ነው። አገዳው በጅምላ ተረግጦ ይነጠፋል፣ አፈሩ በአፍንጫ ይገለበጣል፣ እርጥብ መሬት ላይ የሰኮና ዱካው ይቀራል። ጃርትም በሌሊት ይመጣል፤ አገዳውን ከሥሩ ከፍ ብሎ በጥርሱ ይቆርጠዋል፣ የጥርሱ ቦይ በግልጽ ይታያል፣ አንዳንዴም እሾሁን ጥሎ ይሄዳል።

ጉሬዛ ግን ዋና ምግቡ የዛፍ ቅጠል ነው፣ ውሎውም አዳሩም ዛፍ ላይ ነው። ጠርዝ ላይ ስለሚታይ ብቻ ዝንጀሮ ባጠፋው እሱ መገደሉ በጣም ያሳዝናል።

ቀጫማ
ዝንጀሮ ከሆነ ሰው ከሚጠብቀው የተሻለ ነገር የለም። ማማውን ማሳው መሀል አትሥራ፤ ከደኑ በኩል ይሁን፣ ሳይገቡ እንዲታዩ። ለ80 ሜትር በመሀሉ አንድ ይበቃል፣ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆን በቆሎው አይጋርደውም። ጥበቃው እሸት መያዝ ሲጀምር ተነሥቶ እስከ አጨዳ ይዘልቃል። ከንጋት 12 ሰዓት እስከ ረፋድ፣ ከዚያም ከ9 ሰዓት እስከ ምሽት ዋናው ሰዓት ነው። ጠባቂው ለምሳ ሲወርድ ግን አይተው ይገባሉ፣ ስለዚህ ተተኪው ሳይመጣ ማማው ባዶ አይሁን። ወንጭፍና ጅራፍ ይበቃል። ማስፈራሪያ አሻንጉሊት ቦታው ካልተቀየረ በጥቂት ቀን ይለምዱታል። ውሻ ብቻውን አይላክ፤ ወንዱ ዝንጀሮ በክራንቻው ይገድለዋል። ሁለት ሆነው ከሰው ጋር ይሁኑ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸውም በየዓመቱ ይሰጥ።

የዘር ጊዜም ትልቅ ጉዳይ ነው። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ፣ ቢኤች 540 ደግሞ 145 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ጎረቤት ለጎረቤት ዝርያውና የዘር ሳምንቱ ከተለያየ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የደረሰው ማሳ መንጋውን ሁሉ ለብቻው ይሸከማል። ተነጋግሮ በአንድ ሳምንት መዝራት ጥበቃውንም በተራ ለማድረግ ያመቻል።

የበርበሬው ገመድ የተለመደው ለዝሆን ነው፣ ዝንጀሮ ከሥሩ ያልፋል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ ስለሚያጥበው ደጋግሞ መቀባት ይጠይቃል። ገንዘብህን አታባክንበት። በርበሬውን ብትተክለው ይሻላል፦ ከደኑ ወገን በራስህ መሬት የመጀመሪያውን 10 ሜትር በቃሪያ ወይም በኑግ ሸፍነው። በቆሎው ከጠርዙ ሲርቅ እንስሳው ገላጣ መሬት ማቋረጥ ስላለበት ከማማው ላይ ይታያል። ይህን ለማድረግ ግን አንድም የደን ዛፍ አይቆረጥ።

ሰኮና
ለዱር አሳማ አጥር ይሠራል፣ የሚያልፈው ግን ከታች እየቆፈረ ነው። ሰው ከላይ እሾህ እየከመረ ሥሩን ይረሳል። ካስማው ግማሽ ሜትር መሬት ውስጥ ይግባ፣ ከላይ አንድ ሜትር ከቀረው ይበቃል፤ በመካከላቸው የአንድ ስንዝር ክፍተት፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ከመሬት ጋር የተጣበቀ። ቦይ መቆፈር የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይናዳል፣ ውኃ ይሞላል፣ ጥጃና ሕፃን ይገባበታል።

ማማ_ጠባቂ
ስለ ፉራዳን አንድ ነገር ልጨምር፤ መርዝ አለመፈለግህ ትክክል ነው። መርዙ በበላው እንስሳ አያበቃም። በድኑን የሚበላው ጅብና ጥንብ አንሳ አብሮ ያልቃል፣ የጎረቤት ውሻም እንዲሁ። ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውጭ የትም የማይገኝ ጠቆር ያለ የጦጣ ዝርያም እዚያው ጠርዝ ላይ ይመገባል። ነብር ከሞተ ደግሞ ጉዳቱ ተመልሶ ወደ በቆሎው ነው፤ ዝንጀሮንና የዱር አሳማን የሚያድነው እሱ ነውና። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልን ሕግ ይከለክላል። ጉዳቱ ከበዛ በቀበሌው ግብርና ባለሙያ በኩል ለወረዳው በጽሑፍ ይመዝገብ።

ሸቤ_ዳር
አመሰግናለሁ። ዱካው የሰኮና ነው፣ ልጣጭም አለ፤ ሁለቱም ናቸው ማለት ነው። ካስማውን ከደኑ መቁረጥ ይቻላል?

ሰኮና
ዝም ብሎ አይቆረጥም። በለጠና ጌራ ደን ውስጥ የአካባቢው የደን አስተዳደር ማኅበር፣ ዋቡብ፣ ከኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ጋር የተስማማበት ደንብ አለ፤ ቀድመህ ማኅበሩን ጠይቅ። ከራስህ ባሕር ዛፍ ብታወጣ ይቀላል፣ ግን ምስጥ ቶሎ ይበላዋል። የሚበጀው በየመካከሉ የቆርች ዛፍ ቁራጭ መትከል ነው። ዝናቡ ሲይዝ፣ በሚያዝያ፣ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ ቆርጠህ የታችኛውን ጫፍ ሳትገለብጥ ግማሽ ሜትር ቅበረው። ይጸድቃል፤ ባሕር ዛፉ ሲበሰብስ አጥሩን እሱ ይይዘዋል።